ማስተር ምንድን ነው? አነስተኛ በጀት ያለው የጃፓን ሆረር ዲስክ ላይ ሲወጣ

ማስተር ማለት ዲስክ የሚባዛበት፣ ቅንብሩ አልቆ ቀለሙና ድምፁ የተስተካከለ የፊልሙ ዋና ቅጂ ነው። የትልቅ ስቱዲዮ ፊልም ከሆነ ኔጋቲቩ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበት፣ ቅጂ የሚወጣበት ፊልም) በቀዝቃዛ መጋዘን ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ወጥቶ በስካነር ይነበባል። በጓደኛሞች ኪስ ገንዘብ የተሠራ የጃፓን ሆረር (አስፈሪ ፊልም) ግን መጋዘን የለውም። የቀረው ሁሉ ዳይሬክተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ አንድ ጥቅል ወይም አንድ ካሴት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ፊልም በብሉ ሬይ ወጣ ሲባል ታዲያ ቀድሞ የሚጠየቀው «ከምን ተቀዳ?» ነው። ሽፋኑ ላይ «አዲስ ሪማስተር» (እንደገና የተሠራ ማስተር) የሚል ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም።

አስቸጋሪው የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ሲንግል ኤይት ለጃፓን ተማሪዎችና አማተሮች ለብዙ ዓመታት ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። በአብዛኛው ሪቨርሳል ነው፤ ካሜራ ውስጥ የገባው ፊልም ራሱ ታጥቦ በፕሮጀክተር ይታያል፣ ኔጋቲቭ የሚባል ነገር የለም። የተቆረጠውም፣ የተቀጠለውም፣ በየዝግጅቱ የታየውም ያው አንዱ ኦሪጅናል ስለሆነ በታየ ቁጥር ይጫራል። የሲንግል ኤይት ጥቅል ከፖሊስተር የተሠራ በመሆኑ አሲቴት ከተባለው ፕላስቲክ እንደተሠራ ፊልም ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ አይበላሽም፤ ይህ ዕድል ነው። በሌላ በኩል ፖሊስተርን የፊልም ማጣበቂያ ፈሳሽ ስለማይዘው ቅጥያው ሁሉ በቴፕ ነው። ከዓመታት በኋላ ሙጫው ይፈስና ጎረቤት ፍሬሞችን (ነጠላ ምስሎችን) ያቆሽሻል፤ ስካነሩ ውስጥ ሲያልፍም ምስሉ በየቅጥያው ይዘላል። ጥንቁቅ ሥራ ከስካን በፊት እያንዳንዱን ቅጥያ ከፍቶ፣ አጽድቶ፣ በአዲስ ቴፕ ይቀጥላል። ጊዜውን የሚበላውም ይኸው ነው።

ድምፁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በሲንግል ኤይት ፊልም ጠርዝ ላይ በተቀባው ማግኔት ያለው ድምፅ ከምስሉ 18 ፍሬም ይቀድማል። በሰከንድ 18 ፍሬም በሚሄድ ፊልም ይህ ልክ አንድ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ በምስሉ ልክ የተቆረጠ ቦታ ሁሉ የራሱን ድምፅ ከአንድ ሰከንድ በፊት ጥሎ መጥቷል። ብሉ ሬይ ደግሞ 18 ፍሬምን አይቀበልም። 24 ለማድረስ በየ3 ፍሬሙ አንዱን መድገም ያስፈልጋል፤ ሰው ሲራመድ የሚታየው ትንሽ መንቀጥቀጥ ከዚያ የመጣ ነው። ይህን እርምጃ ረስቶ 18ቱን እንደ 24 ያጫወተ ዲስክ ደግሞ ሰዎቹን እንደ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ያስሮጣል፤ ለሆረር ከዚህ የከፋ ውርደት የለም።

16 ሚሊ ሜትር ይሻላል። የአንዱ ፍሬም ስፋት ከሲንግል ኤይት በ3 እጥፍ ይበልጣል፣ ብዙ ጊዜም ኔጋቲቭ አለው። የዳይሬክተር ሺኒያ ጹካሞቶ ‹‹ቴጹዎ›› (1989 እ.ኤ.አ.) በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ የ67 ደቂቃ ፊልም ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ በደንብ ሲቀዳ የፊልሙ ጥቃቅን ቅንጣት ሳይጠፋ ምስሉ ጥርት ይላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በመካከለኛው ዓይነት ነው፤ በፊልም ተቀርጾ በቪዲዮ የተቀናበረ። ለርካሽነት ሲባል ጥሬው ፊልም ወደ ካሴት ይገለበጥ ነበር፤ ቁርጡ፣ ርዕሱ፣ ልዩ ውጤቱ ሁሉ ካሴቱ ላይ ተሠራ። ስለዚህ ያለቀው ፊልም የሚገኘው ካሴቱ ላይ ብቻ ነው። የፊልሙን ጥራት ለማግኘት ጥሬው ጥቅል ተገኝቶ፣ እንደገና ተቃኝቶ፣ ካሴቱ እንደ ንድፍ እየታየ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዳግም መቀናበር አለበት። አነስተኛ አሳታሚ ይህን እምብዛም አይደፍረውም።

ካሴቱ ብቻ ከቀረ ሥራው የጥቁሩን ልክ ከማወቅ ይጀምራል። ጃፓንም አሜሪካም ኤንቲኤስሲ የተባለውን የቪዲዮ ሥርዓት ተጠቅመዋል፤ ነገር ግን ከ0 እስከ 100 ባለው የምልክት መለኪያ የጃፓኑ ጥቁርን 0 ላይ ሲያስቀምጥ የአሜሪካው 7.5 ላይ ያስቀምጣል። የጃፓን ካሴት ለአሜሪካ በተስተካከለ መሣሪያ ከተቀዳ ከ7.5 በታች ያለው ሁሉ ጭልም ይላል፤ በጨለማው ጥግ የቆመችው ሴት ከነፀጉሯ ትጠፋለች። ሲቀዳ የጠፋውን ደግሞ በኋላ ብርሃን በመጨመር መመለስ አይቻልም፤ የሚወጣው ግራጫ ጉም ነው። ካሴቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ከታየ ማጫወቻ ውስጥ መክተት ክልክል ነው፤ የማንበቢያውን ራስ ይደፍናል፣ ቀጥሎ የገባውንም ካሴት ይበክላል። ሚኒ ዲቪ (ዲጂታል ካሴት) ከሆነ ፋየርዋየር በተባለው ዲጂታል ገመድ ዳታውን እንዳለ መገልበጥ እንጂ በአናሎግ ገመድ ማስተላለፍ ያለምክንያት ጥራት መጣል ነው።

ከዚያ ማጉላት ይመጣል። የኤንቲኤስሲ ቪዲዮ 720 በ480 ነጥብ ነው፣ ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080። ሲካፈል በትክክል 6 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሙሉውን ስክሪን እንዲሞላ ተጎልቶ በተሠራ ዲስክ ላይ ከየ6ቱ ነጥቦች 5ቱ በኮምፒውተር የተፈጠሩ ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተለመደ ፊት ስለሆነ የጎማ ጭራቅንም እንደ ሰው ቆዳ ያለሰልሰዋል። ቪዲዮው በየሰከንዱ 60 የሚጠጉ ግማሽ ምስሎችን እያፈራረቀ ስለሚያሳይ፣ ግማሹን የጣለ ሰው እንቅስቃሴውን ያደነዝዛል፤ ሁለቱን ሳይለይ የደረበ ደግሞ በየጠርዙ የማበጠሪያ ጥርስ ያወጣል። ሐቀኛው መንገድ ቪዲዮውን ሳያጎሉ እንዳለ ብሉ ሬይ ላይ ማስቀመጥ ነው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የተጨመቀ 90 ደቂቃ 5.4 ጊጋባይት ይሆናል፤ 4.7 የሚይዘው ነጠላ ዲቪዲ አይበቃውም፣ 25 የሚይዘው ብሉ ሬይ ግን ሳይጨናነቅ ይሸከመዋል።

ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይቀራል፤ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚከፈት የሚወስነው ክልሉ። የጃፓን ዲቪዲ ክልል 2 ነው፤ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮችም እዚያው ናቸው፣ ኢትዮጵያ ግን 5 ውስጥ ነች። ብሉ ሬይ ላይ ድልድሉ ይቀየራል፤ ጃፓንና አሜሪካ ኤ ሲሆኑ ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና ባሕረ ሰላጤው ቢ ናቸው። ዋሽንግተን ያለ ሰው ከቶኪዮ ያዘዘው ብሉ ሬይ ያለችግር ይሠራለታል፣ ዲቪዲው ግን አይከፈትለትም፤ ቴል አቪቭ ላለው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በጃፓን ገበያ በወጣ ዲስክ ላይ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ስለማይኖር፣ ከማዘዝ በፊት የሽፋኑን ጀርባ ማንበብ ይበጃል።