ዳስሶ መሳል ምንድን ነው?

ሥዕል የጀመረ ሰው ፊቱ ያለውን አገልግል እንዲስል ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ የያዘውን ይስላል፦ ክብ ሆድ፣ ጎበጥ ያለ ክዳን፣ ከላይ ማንገቻ። ዐይን ችኩል ነው፤ አንዴ ቃኘት አድርጎ «አውቄዋለሁ» ይላል፣ እጅም ያንኑ ይደግማል። ዳስሶ መሳል የሚባለው ልምምድ ይህን ችኮላ ይገታል። መዳሰስን፣ መስማትን፣ የክብደትና የአቋም ስሜትን ከማየት ጋር አንድ ላይ ሥራ ያስገባል።

ለመጀመሪያው ቀን ከውጭ በቆዳ የተለበጠ፣ ከውስጥ ስፌት የሆነ አገልግል ይመረጣል። ጎጃም ውስጥ አይጠፋም፤ በአንድ ዕቃ ላይም ሁለት የተለያየ ገጽ ይሰጣል። ጭንዎ ላይ አስቀምጠው፣ ዐይንዎን ጨፍነው 3 ደቂቃ ያህል በሁለት እጅ ይዳስሱት። አይቸኩሉ። ቆዳው ሜዳ ሜዳውን ይለሰልሳል፣ የተሰፋበት ላይ ጎርበጥ ይላል፤ ክዳኑና ሆዱ የሚገጥሙበት ቦታ ጣት ያዝ ያደርጋል፤ ውስጡ ዙር በዙር የተነባበረ ነው። ክፍቱን ያሽቱት ቢባልም ሽታ ለመስመር የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው። የሚጠቅመው ዕቃው በሌለበት፣ ከትዝታ ሲሳል ነው።

ቀጥሎ ኤ3 ወረቀት ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ይለጥፉ፣ 2ቢ ወይም 4ቢ የተባለውን ለስላሳ እርሳስ ይያዙ። አገልግሉን አንድ ክንድ ያህል አርቀው ያስቀምጡና ዐይንዎን ከእሱ ሳይነቅሉ፣ ወረቀቱን ሳያዩ ይሳሉ። የእርሳሱ ጫፍ የሚሄደው ቅድም ጣትዎ በሄደበት ፍጥነት ነው፤ ቆዳው የተሰፋበት ጋ ሲደርስ ይንገጫገጫል፣ ሜዳው ላይ ይንሸራተታል። አንድ አገልግል 10 ደቂቃ ይወስዳል። በ1 ደቂቃ ካለቀ ጣቱ ተረስቷል፣ እጅ ወደ ልማዱ ተመልሷል ማለት ነው። የመስመሩ መነሻና መድረሻ ባይገጥም፣ ክዳኑ ከሆዱ ቢሸሽ አይደንግጡ። መጠርጠር ያለበት ሥዕሉ የተስተካከለ ሆኖ ሲወጣ ነው፤ ወረቀቱን ሰርቀው አይተዋል።

ጆሮም እዚህ ጋ ሥራ አለው። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ካንሾካሾከ ግፊቱ ልክ ነው፤ ከፈጨ እጅ ጨብጧል፣ ላጲስ የማያነሣው ስርጉድም ይተዋል። መድኃኒቱ እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጎ መያዝና ከትከሻ ማንቀሳቀስ ነው።

አሁን ጣት የሚያሳስትበት ቦታ ላይ እንደርሳለን፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ክዳኑን አንሥተው የአገልግሉን አፍ በጣት ቢዞሩት ክብ ነው። ከጎን ቢያዩት ግን የተጨፈለቀ ሞላላ ነው። ጀማሪ ጣቱን አምኖ አፉን ከሚታየው በላይ ይከፍተዋል፤ ሥሩ መሬት ላይ መቀመጡን ስለሚያውቅ ደግሞ በቀጥታ መስመር ይዘጋዋል። ውጤቱ አፉ ከላይ፣ ሥሩ ከፊት የታየ ዕቃ ነው። ለማቃናት ክንድን ዘርግቶ፣ አንድ ዐይን ጨፍኖ፣ እርሳሱን አግድም ይዞ የአፉን ስፋት መለካት፤ ከዚያ እርሳሱን አቁሞ ከቅርቡ ጠርዝ እስከ ሩቁ ያለውን መለካት። ስፋቱ 4 እጥፍ ከሆነ ወረቀቱም ላይ 4 እጥፍ ይሁን። ክርን ከታጠፈ ልኩ ይዛባል። ዕቃው ከዐይን በታች ከሆነ ደግሞ የሥሩ መስመር ከአፉ ይበልጥ ይጎብጣል።

ጣና ዳር ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕል ያየ ሰው በማወቅና በማየት መካከል ያለውን ልዩነት በሌላ መልኩ ያገኘዋል። በዚያ አሣሣል የሰው ትልቅነት ከርቀቱ ይልቅ ክብሩን ይከተላል፤ ጻድቅ በሁለት ዐይኑ፣ ክፉ በጎን ገጹ በአንድ ዐይን ይታያል። ሠዓሊው የሚያውቀውን ሳለ፤ ሥርዓቱም ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። የጀማሪው አገልግል የሚበላሸው የሚያውቀውንና የሚያየውን ሳያስብ ስለሚቀላቅል ነው።

ሰው ሲሳል ደግሞ ከጣት ይልቅ የራስ አካል ይመራል። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ያንጠለጠለበትን እረኛ ከመሳልዎ በፊት ራስዎ እንደዚያ ይቁሙ። ትከሻ ይነሣል፣ አንገት ይሰምጣል፣ ብብት ይከፈታል። ይህን ያልሞከረ ሰው የእረኛውን አንገት ያስረዝመዋል። 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያዘለች ሴት ጀርባዋ ላይ 20 ኪሎ ያህል አለ፤ ከወገቧ ወደ ፊት ካላዘነበለች ወደ ኋላ ትወድቃለች። ሥዕሉን ለመፈተን ከሸክሙና ከሰውነቷ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ወደ መሬት ያውርዱ፤ የእግሯ መርገጫ ላይ ካላረፈ ሴትዮዋ ወረቀቱ ላይ እየወደቀች ነው።

ምላስ ብቻ ከዚህ ሁሉ ይቅር። ቀለም ሲጀመር የብሩሽን ጫፍ በምራቅ ማሾል የሚወዱ አሉ፤ አንዳንዱ ቀለም ሊድ (ብረቱ እርሳስ) ወይም ካድሚየም የተባሉ መርዛማ ማዕድናት አሉበት። ብሩሹን በውሃ አርሶ በጨርቅ ላይ እያሽከረከሩ መሳብ ያው ያሾለዋል።