ስለ ማበጠሪያ የሚባለውና እውነታው

አዳማ ላይ ነፋሱና አቧራው ፀጉር ቶሎ ያደርቃሉ፤ ስለ ማበጠር የሚሰጠውም ምክር ብዙ ነው። ከምክሩ ውስጥ ፀጉር የሚበጥስም አለ።

«የጎፈሬ ማበጠሪያ የአሜሪካኖች ፈጠራ ነው።»
አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የጥቁሮች ንቅናቄ ዝነኛ አደረገው እንጂ፣ ጥርሳቸው ረጃጅም የሆነ የአጥንትና የዝሆን ጥርስ ማበጠሪያዎች በጥንታዊ ግብፅ መቃብሮች ተገኝተዋል፤ ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው አሉ። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፦ መተሐራ አካባቢ የከረዩ ወንዶች ሚዷቸውን ጎፈሬያቸው ላይ ሰክተው ይታያሉ።

«ማበጠሪያ ለውበት ነው፤ ለቅማል መድኃኒት ያስፈልጋል።»
መድኃኒቱ ይጠቅማል፤ ማበጠሪያው ግን ቀድሞትም የነበረ ነው። በእስራኤል ለኪሶ በተባለው ጥንታዊ ከተማ የተገኘው 3.5 በ2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዝሆን ጥርስ ማበጠሪያ 3,700 ዓመት ገደማ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው በከነዓናውያን ፊደል የተቀረጸበት ጽሑፍ፣ ይህ የዝሆን ጥርስ የፀጉርና የጺም ቅማልን ይንቀል የሚል ምኞት ነው።

አሁንም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ፀጉሩን አርጥቦ ኮንዲሽነር በደንብ መቀባት፣ መጀመሪያ ጥርሱ ሰፋ ባለው ማፍታታት። ከዚያ በጥርሶቹ መካከል 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ባለው የቅማል ማበጠሪያ ከራስ ቆዳው እስከ ጫፉ በቀጭን በቀጭኑ ከፍሎ መሳብ፣ በየስበቱም በነጭ ሶፍት መጥረግ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቀን አበጥሮ በማቆሙ ነው፤ ቅጫሙ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል፣ በየ3 ቀኑ ቢያንስ ለ2 ሳምንት መደገም አለበት። በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ቀጭኑ ማበጠሪያ ለመግባት ይቸገራልና መድኃኒቱ ሊያስፈልግ ይችላል። ማበጠሪያውን ከ55 እስከ 60 ዲግሪ በሚሆን ውሃ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ በቂ ነው። የእንጨት ከሆነ ሙቅ ውሃ ያጣምመዋል፤ በፌስታል ቋጥሮ ለ2 ሳምንት ማስቀመጥ ይሻላል።

«ሹሩባ ሊሠራ ሲል ፀጉሩ ደርቆ ከሥር ይበጠራል።»
ይህ ነው የሚበጥሰው። ከሥር ሲሳብ ቋጠሮው ወደ ታች ተገፍቶ ይጠብቃል። ጥቅልል ፀጉር በውሃና በኮንዲሽነር ረጥቦ፣ ከቋጠሮው በላይ በእጅ ተይዞ፣ ከጫፉ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር እየተወጣ ይፈታ። ለሉጫ ፀጉር ግን ትንሽ ጠፈፍ እስኪል መታገስ ይሻላል፤ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ቶሎም ይበጠሳል።

ደጋግሞ ማበጠር ያሳድጋል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚያድገው ከሥሩ ነው፣ ማበጠሪያ የሚነካው ከቆዳ ውጭ ያለውን ብቻ።

«የፕላስቲክ ሁሉ አንድ ነው።»
በሁለት ግማሽ ቅርጽ የሚወጣ ፕላስቲክ መገጣጠሚያው ላይ ስለታም መስመር ይተዋል፤ ፀጉሩን የሚፍቀው እሱ ነው። ከመክፈልዎ በፊት በጥርሶቹ ጎን ጥፍርዎን ያሂዱ። ከያዘ፣ ሌላ ያሳዩኝ ይበሉ።