የበጉን ዋጋ መጀመሪያ ክፈሉ

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ታቦቱ ገብቶ ዕልልታው ገና አልበረደም። አንድ የቡና ነጋዴ ወንድማችን በስለት የተሳለውን ትልቅ ምንጣፍ አስገባ። ሁላችንም ደስ አለን፤ እኔም አጨበጨብኩ። ስወጣ ከአጥሩ ውጭ አንዲት እናት ቆመዋል። ሙስሊም ናቸው። ምን እንደሚጠብቁ ጠየቅኳቸው። ያንኑ ነጋዴ ነው። የሁለት ሳምንት የቡና ለቀማ ሒሳባቸውን አልሰጣቸውም። «ኮንቴይነሩ ሳይሸጥ ብር የለም» ተብለዋል።

ወገኖቼ፣ በዚያው ጠዋት የተነበበልንን ስንክሳር አስታውሱ። ባልና ሚስቱ ዱራታዎስና ቴዎብስታ በየወሩ በ12 የመልአኩን በዓል ይዘክሩ ነበር። ክፉ ዘመን መጣና ደኸዩ። ዝክሩ እንዳይቀር ዱራታዎስ ልብሳቸውን ይዞ በግ ፍለጋ ወጣ። ቅዱስ ሚካኤል በመኮንን አምሳል ተገለጠለትና በጉን በዱቤ አስወሰደው። ዓሣውንም፣ ስንዴውንም እንዲሁ። የዓሣው ሆድ ሲከፈት 300 ዲናር ወርቅ ተገኘ። እኛ እዚህ ላይ «ተአምር!» ብለን እናልፋለን። እስቲ ቆም እንበል። መልአኩ ያንን ወርቅ ምን አድርጉበት አለ? ለባለበጉ፣ ለባለዓሣው፣ ለባለስንዴው ክፈሉ፤ የተረፈው የእናንተ ነው አላቸው።

በራሱ በዓል፣ በራሱ ድግስ ላይ የባለበጉን ዕዳ አልረሳም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

ሐዋርያው ያዕቆብም «የሠራተኞች ደመወዝ በእናንተ ተቀምቶ ይጮኻል» ይላል (ያዕ. 5፥4)። አስተውሉ፣ የሚጮኸው መጀመሪያ ደመወዙ ነው። ሠራተኛው ፈርቶ ዝም ቢል እንኳ ብሩ ካዝና ውስጥ ሆኖ ይጮኻል። የአጫጆቹም ድምፅ ወደ ጌታ ጸባዖት ጆሮ ገባ ይለናል። ጸባዖት የሠራዊት ጌታ ማለት ነው። የዚያ ሠራዊት አለቃ ደግሞ ሚካኤል ነው። ታዲያ ምንጣፉን ለማን ነው ያነጠፍነው?

«የቡና ዋጋ የሚቆርጠው የኒው ዮርክ ገበያ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። እዚያ ዋጋ ሲወርድ የእኛው የጅማ፣ የጎማና የማና ወረዳ ገበሬ ያዝናል። ግን በ2017 ዓ.ም. አንድ ፓውንድ ቡና ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ ለለቃሚ የጨመርን ስንቶቻችን ነን? ሲወርድ የዓለም ገበያ፣ ሲወጣ የእኔ ጉብዝና። ይሄ አይሆንም።

ደግሞ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ለቡናችን ሰርተፊኬት የሚሰጡት ሰዎች ከውጭ ሲመጡ የቡና ማጠቢያው ይጸዳል፣ ሕፃናቱ ከለቀማ ዞር ይደረጋሉ፣ የደመወዝ ወረቀት ይፈረማል። አውሮፓ ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አልቀበልም የሚል ሕግ ስላወጣች፣ የየማሳውን ቦታ በጂፒኤስ እየመዘገብን ነው። መልካም ነው፤ ደኑም የእግዚአብሔር ነው። ግን ማሳውን በሳተላይት ያወቅን ሰዎች፣ የለቃሚዋን ስም አናውቅም። ባሕር ማዶ ያለውን ገዢ ፈራን። ጸባዖትን አልፈራንም።

ጀርመን ተቀምጦ ቡናችንን የሚቆላውም ቢሆን ከዚህ ቃል አያመልጥም። ርካሽ ስላገኘ ብቻ ንጹሕ አይባልም። እኔ ግን የምጽፈው ጅማ ላለነው፣ አብረን ለምናስቀድሰው ነው።

ሒሳባችሁ የተያዘባችሁ፣ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ ድምፃችሁ ጫካ ውስጥ አልቀረም። ገብቷል። ቃሉ «ይገባል» አላለም፣ «ገብቶአል» ነው ያለው።

አንተ ወንድሜ፣ ስምህን አልጠራም። ታኅሣሥ 12 ሳይደርስ ግን እኒያን እናት ፈልጋቸው። ቤታቸውን ባታውቅ ካቦህ ያውቀዋል።