ከጽሕፈት ሥራ ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር፦ በአርባዎቹ ዕድሜ ለሚሻገር ሰው የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በድርጅቶቻችን የሰው ሀብት ክፍል ከሚሠሩት መካከል መነሻቸው የሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ወይም ጠቅላላ አገልግሎት የሆነ ጥቂት አይደሉም። እኔም ሠንጋ ተራ ከሚገኘው ኮሜርስ በጽሕፈትና ቢሮ አስተዳደር ተመርቄ፣ ለዓመታት የአለቆችን ደብዳቤ ስጽፍ ቆይቼ ነው የተሻገርሁት። መንገዱ ክፍት ነው። ሰውን የሚያደናቅፈው አብዛኛውን ጊዜ በሻይ ሰዓት ከደጋግ ሰዎች የሚሰማው ምክር ነው፤ ግማሹ በከንቱ ያስፈራል፣ ግማሹ በከንቱ ያደፋፍራል። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ላንሣቸው።

«ከአርባ በኋላ ማን ይቀጥራል?»

የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። በ42 ዓመቱ የሚጀምር ሰው 18 የሥራ ዓመታት አሉት፤ ይህ ሙያውን ለመልመድም፣ ከፈለገ ለመሰልቸትም ይበቃዋል። የዕድሜ ጣሪያ የሚያስቀምጡ ማስታወቂያዎች መኖራቸውን አልክድም። ስለዚህ በጋዜጣ ማስታወቂያ ከአዲስ ተመራቂ ጋር ከመጋፋት በፊት በራስ መሥሪያ ቤት ዝውውር መጠየቅ ይሻላል። ፈቃድ የወጣን የሰው ሀብት ባለሙያ ተክቶ መሥራት፣ የቅጥር ኮሚቴ ጸሐፊ መሆን፣ የተዘበራረቁ የግል ማኅደሮችን ማደራጀት፦ በሩ የሚከፈተው በእነዚህ ነው።

ደግሞም በዚህ ሥራ ዕድሜ ራሱ መሣሪያ ነው። አንድ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ባለሙያ የጡረታ ጊዜያቸው ለደረሰ ሾፌር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊሰጥ ሲሞክር አይቻለሁ። ሽማግሌው ደብዳቤውን ሳይነኩት «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ጥራልኝ» ነበር ያሉት።

«የጸሐፊነት ልምድ አይቆጠርም»

ግማሽ እውነት አለው። ማስታወቂያው «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» የሚል ከሆነ፣ አመልካቾችን የሚያጣራው ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የሥራ መደቡን መጠሪያ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተፈላጊ ችሎታ መመዘኛው ከዚህም ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ያለው ልምዱን በሚገልጸው ወረቀት ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። እኛ ግን «በሴክሬታሪነት አገልግለዋል» የምትል ባለ ሁለት መስመር ወረቀት ተቀብለን አመስግነን እንወጣለን። የዓመት እረፍት መዝገብ ስትይዝ፣ የሰዓት ፊርማ ስትሰበስብ፣ የዲስፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ የኖረች ጸሐፊ እነዚህ ሁሉ በዝርዝር እንዲገለጹላት ረቂቁን ራሷ አዘጋጅታ ለፊርማ ታቅርብ። ደብዳቤ ማርቀቅ እንጀራችን አልነበረም እንዴ?

ልምዱ ምን ያህል እንደሚያወጣ አንድ ጉዳይ ላሳይ። አዋጁ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛን ውል ወዲያውኑ ለማቋረጥ ይፈቅዳል። ቅድመ ሁኔታው ሠራተኛው በማርፈዱ በጽሑፍ እየተነገረው የቀጠለ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ የማሰናበት መብቱ ይቀራል። አንድ ድርጅት በዚህ ምክንያት ሠራተኛ አሰናብቶ ፍርድ ቤት ቀረበ። የጣት አሻራ ማሽኑ የመዘገበው ሰዓት ተያይዟል፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ ቅጂም ከግል ማኅደሩ ወጥቶ ቀርቧል። ሠራተኛው «አንዱም አልደረሰኝም» አለ። ደብዳቤዎቹ ላይ የተቀባይ ፊርማ የለም፤ ማስረከቢያ መዝገቡም ላይ አልሰፈሩም። ድርጅቱ ተረታ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ደግሞ ሠራተኛው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ካልተመለሰም ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ከሆነ የ180 ቀን ደመወዙን ያህል ካሳ ይከፈለዋል፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያ ሳይቆጠር። አሥር ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ቢኖር ኖሮ ገና ደብዳቤው ሲወጣ «ማን ፈርሞ ተቀበለው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይህ ጥያቄ በሙያው መጽሐፍ ውስጥ ከሚገኙት ብዙ ንድፈ ሐሳቦች የበለጠ ገንዘብ ያድናል።

«ሰው እወዳለሁ፤ ይህ ሥራ ለእኔ ነው»

በቃለ መጠይቅ ላይ ከምሰማቸው መልሶች ሁሉ ይህን ያህል የሚያስፈራኝ የለም። ያዘነን ማጽናናት ማንኛውም ደግ ጎረቤት ይችላል። የሰው ሀብት ሠራተኛ የሚከፈለው አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የዓመት እረፍቱ ስንት ቀን እንደሆነ ሲጠየቅ 21 የሥራ ቀናት ብሎ ለመመለስ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16፣ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀን ላይ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ አንድ ነጥብ ሰባት አምስት፣ በሳምንት የእረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ እንደሆነ ማወቅ አለበት። የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ናቸው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ ያዋጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ። በዚህ ላይ ድርጅቱ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ከሕጉ የተሻለ ነገር ሊሰጥ ስለሚችል ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ግድ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ 1156 አይተዳደሩም፤ የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ሰው መውደድ አይጎዳም። ቁጥር የሚጠላ ሰው ግን በየወሩ መጨረሻ ደመወዝ ሲሠራ ይሠቃያል፤ ሠራተኞቹንም ያሠቃያል።

«መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ ሥራ»

አብዛኛው ማስታወቂያ በማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ ሙያ ዲግሪ እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ዲፕሎማ ብቻ ያለው ሰው መማሩ አይቀርለትም። ስሕተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አራት ዓመት ጠብቆ ከመንቀሳቀስ፣ በማታ ወይም በርቀት እየተማሩ በጎን የቅጥርና የፈቃድ ሥራ መለማመድ ይሻላል። ከመመዝገብ በፊት ግን ተቋሙ በዚያ ካምፓስ፣ በዚያ የትምህርት መስክና በዚያ የማስተማሪያ ስልት ዕውቅና ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዕውቅና የሌለው ዲግሪ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ውጭ የምስክር ወረቀቶችም እጠየቃለሁ። ኤችአርሲአይ የተባለው የአሜሪካ ተቋም የሚሰጠው ኤፒኤችአር የቀድሞ የሰው ሀብት ልምድ አይጠይቅም፤ አሜሪካ ለሚኖር ወገናችን ጥሩ መግቢያ ነው። ፈተናው ግን የአሜሪካን የሥራ ሕግ ይዟል። አዲስ አበባ ላይ የሚጠየቁት አዋጅ 1156ን ነው።

«ደመወዙ ወዲያው ያድጋል»

ላያድግ ይችላል። የአንድ ባንክ ፕሬዚዳንት ጸሐፊ ከጀማሪ የሰው ሀብት ባለሙያ የተሻለ ልታገኝ ትችላለች። የሚጠቅመው የሚቀጥለው መሰላል መኖሩ ነው፤ ከጸሐፊነት በላይ ያለው መሰላል አጭር ነው።

«የሠራተኛው ጠበቃ እሆናለሁ»

ተቃራኒው አሉባልታም አለ፦ «የአለቃ ጆሮ ሆነች» ይሉሻል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የሰው ሀብት ባለሙያ የድርጅቱ ተቀጣሪ ነው፤ ሠራተኛውን በፍርድ ቤትም ሆነ በድርድር አይወክልም፤ ያ የሠራተኛ ማኅበሩ ሥራ ነው። እሱ የሚችለው አለቃው በንዴት «ዛሬውኑ አሰናብተው» ሲል ሕጉን ገልጦ ማሳየት ነው። በጽሕፈት ቤት ሳለን ውሳኔ እናደርስ ነበር፤ ደብዳቤው ቢከፋም የእኛ አልነበረም። እዚህ ግን አስተያየቱም የእኛ ነው፣ ፊርማውም አንዳንዴ የእኛ ነው። ለዓመታት አብረን ምሳ ስንበላ የኖርን ጓደኛችን ደመወዝ፣ የሕክምና ማስረጃና የቅጣት ታሪክ በእጃችን ይገባል። እሷም ታውቃለች። ምሳው አይቋረጥም፤ ወሬው ግን ይቀንሳል። በመካከለኛ ዕድሜ ለሚሻገር ሰው ከትምህርቱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል። ስለ አዲሱ ሥራ ገና ከመጀመሪያው ለወዳጅ በግልጽ መንገር ቅያሜን ይቀንሳል።

በዚሁ መንገድ እስከ ኃላፊነት ለሚደርስ ሰው አንድ የሚገርም ነገር አለ። አዋጅ 1156 «የሥራ መሪ» በሚላቸው ላይ አይሠራም። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ደግሞ የሥራ መሪ ነው። የሰው ሀብት ኃላፊው አዋጁን ለሌሎች ሲተነትን ይውላል፤ እሱን ግን አዋጁ አይጠብቀውም፤ የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉና በራሱ ውል ነው። ስለዚህ የሹመት ደብዳቤው ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ የዓመት እረፍትና የስንብት ክፍያ ተለይተው ካልሰፈሩ፣ እንዲሰፍሩ የሚጠየቀው ከመፈረም በፊት ነው።