ፒንክ ፍሎይድ ዘፈን ውስጥ ያለው «ታይገር» ምንድነው?
የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ዌን ዘ ታይገርስ ብሮክ ፍሪ» (ነብሮቹ ሲያመልጡ) ሰምታችሁ የምን ነብር ነው ላላችሁ፣ ታይገር የጀርመን ታንክ ነው። ዘፈኑን የጻፈው የባንዱ አባል የሮጀር ዋተርስ አባት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ አልዋጋም ብሎ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ አምቡላንስ ይነዳ ነበር፣ በኋላ ሀሳቡን ቀይሮ ጦሩን ተቀላቀለና እ.ኤ.አ. የካቲት 1944 ጣሊያን አንዚዮ ላይ ሞተ፣ ሮጀር ያኔ የ5 ወር ህፃን ነው። ዘፈኑ ስለ ጀግንነት የተዘፈነ የሚመስላቸው አሉ፣ ኧረ በጭራሽ፣ ንዴት ነው እንጂ! ዘፈኑ እንደሚለው ታንኮቹ ሲመጡ የአባቱ ጦር አዛዥ ወታደሮቼ ያፈግፍጉ ቢል ባላችሁበት ቆዩ ተባሉ፣ ጄኔራሎቹ አመሰገኑ፣ ተራው ወታደር አለቀ። ከንጉስ ጆርጅ ለእናቱ የመጣው የሀዘን ደብዳቤ ደግሞ በወርቅ ያጌጠ ሆኖ ፊርማው ግን በጎማ ማህተም የተመታ ነው፣ ልጁ መሳቢያ ውስጥ ከድሮ ፎቶዎች ጋር ተደብቆ ነው ያገኘው። በነገራችን ላይ የ1979ኙ «ዘ ዎል» አልበም ላይ አትፈልጉት፣ የወጣው በ1982 ከአልበሙ ከተሰራው «ዘ ዎል» ፊልም ጋር ነው።