ስቴም ሴል አጥንት ይጠግናል ሲባል ምን ማለት ነው?

የተሰበረ አጥንት ብዙውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል። ጄሶው ስብራቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል እንጂ ሥራውን የሚሠራው ሰውነት ነው። አንዳንዱ ግን ወራት አልፈውም አልገጥም ይላል። በአደጋ ወይም በዕጢ ብዙ አጥንት ሲጎድልም ክፍተቱ እንዲሁ አይሞላም። የስቴም ሴል ነገር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ስቴም ሴል ገና የሥራ ድርሻው ያልለየለት ሴል ነው። ይባዛል፤ እንደ አካባቢው ሁኔታ ደግሞ አጥንት፣ ልም አጥንት ወይም ስብ የሚሠራ ሴል ይሆናል። መቅኔያችን ውስጥ አለ፤ ግን ከ10,000 የመቅኔ ሴሎች አንድ ቢገኝ ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ማሰባሰብ ነው። ታካሚው ይደነዝዝና ሐኪሙ ወፈር ባለ መርፌ ከዳሌው አጥንት መቅኔ ይቀዳል። የሚወጣው ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ሲያዩት ደም ይመስላል። በኃይል በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ሲገባ ቀይ የደም ሴሎቹ ይለዩለታል። ሴሎቹ የተጠራቀሙበት ጥቂት ፈሳሽ ይቀርና ስብራቱ ላይ በመርፌ ይሰጣል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፊሊፕ ኤርኒጉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ውጤት ሁሌም ይገርመኛል። የቅልጥም አጥንታቸው አልገጥም ብሎ ከቆየ 60 ታካሚዎች 53ቱ ዳኑ። ያልዳኑት 7ቱ የተሰጣቸው ሴል ቁጥሩ አነስተኛ ነበር። በቃ፣ ብዛቱ ነው ልዩነቱ!

ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን ግን መርፌ ብቻውን አይበቃም። ሴሎቹ የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ። ለዚህም እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት፣ የአጥንትን ማዕድን የሚመስል ሴራሚክ ይገባላቸዋል። እዚያም ቢሆን መሃል ላይ ያሉት ደም ካልደረሳቸው ቶሎ ይሞታሉ። ደግነቱ፣ ሳይሞቱ በፊት የሚለቁት ኬሚካል ሌሎች የሰውነት ሴሎችን ወደ ቦታው ይጠራል።

ሕክምናው ገና በየቦታው የሚሰጥ አይደለም። የተለመደው እስካሁን ከራስ ዳሌ አጥንት ቆርጦ መትከል ነው። «ስቴም ሴል ሁሉን ያድናል» የሚል ካጋጠማችሁ ጠንቀቅ በሉ። ቦታው ኢንፌክሽን ካለበት መጀመሪያ እሱ መጽዳት አለበት። የሚያጨስ ሰው ደግሞ አቁም ይባላል፤ ሲጋራ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ሴሎቹ የሚኖሩበትን ደም ይነሳቸዋል።