ፈረሰኛ ፖሊስ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ሐረር ፈረስ መጋላ ቡና እየጠጣን አንዱ ወዳጄ ቀይ ኮት የለበሰ ፈረሰኛ በስልኩ አሳየን። «የካናዳ ፖሊስ እኮ ዛሬም በፈረስ ነው የሚዞረው!» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ፖሊስ አይደለም፣ የንጉሥ ጦር ነው» አለው። ይህን ስሰማ ስንተኛዬ ነው! የእንስሳት ሐኪም ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የተቀመጥንበትን ሰፈር ስም አስቡት። ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ነው። ዛሬ ግን ባጃጅ እንጂ የሚሸጥ ፈረስ የለም። የካናዳ ንጉሣዊ ፈረሰኛ ፖሊስም እንደዚሁ ነው። የፈረሱ ስም ብቻ ቀረለት፤ ሥራው በመኪና፣ በጀልባና በአውሮፕላን ሆነ። ምልምሎች በግዴታ ግልቢያ መማራቸው እንኳ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ያ ፎቶ 32 ፈረሰኞች በሙዚቃ የሚያሳዩት ትርኢት ነው።

«ጦር ነው» ላለው ደግሞ፦ ቀዩ ኮት ከእንግሊዝ ጦር የመጣ ነው፤ መምሰሉስ ይመስላል። ሥራው ግን ማሰር፣ መመርመርና ፍርድ ቤት ማቅረብ ነው። በ1873 የተቋቋመው በምዕራቡ ሜዳ ሕግ እንዲያስከብርና የውስኪ ነጋዴዎችን እንዲያስቆም ነበር። ነባሮቹ ሕዝቦች ከመሬታቸው ወደ ተከለለላቸው ቦታ ሲገፉም እጁ አለበት፤ ይህ መረሳት የለበትም። በ1920 ከሌላ የፌዴራል ፖሊስ ጋር ተዋህዶ የመላው አገር ሆነ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይኸው ፖሊስ በ1874 ወደ ምዕራቡ ሜዳ ሲጓዝ ብዙ ፈረስ አለቀ። ከምሥራቅ የመጡ፣ እህል የለመዱ ፈረሶች ነበሩ፤ የሜዳው ሣር አልበቃቸውም፣ ውሃም አጠራቸው። ፈረስ መኖ በድንገት ሲቀየርበት ይጎዳል።

ሁሉም ፈረሰኛ ፖሊስ ግን ፈረስ መጋላ አይደለም። ከዚሁ ቁልቁል ሲወርዱ መኪና ግርግር አለ። ስሙ ከስፌት መኪና የመጣ ነው፤ መኪናው ዛሬም ያንኑ ድምፅ ያሰማል። የለንደን ፖሊስ ፈረሰኛ ክፍል እንደ መኪና ግርግር ነው። ኳስ ባለ ቀን ፈረሱ እውነትም መንገድ ላይ ይወጣል። ፈረሰኛው ከሕዝቡ በላይ ሆኖ አርቆ ያያል። ሰዉም ለፈረስ ደረት ገለል ይላል።

ታዲያ ፈረስ በተፈጥሮው ሲደነግጥ የሚሮጥ እንስሳ ነው። ጩኸትና ርችት ቀስ በቀስ ካላለመዱት ሕዝብ መሃል አይገባም። ጥሩ ፈረሰኛ ከሰዉ ፊት በፊት የፈረሱን ጆሮ ያያል። ወደ ኋላ ከለጠፈው ተቆጥቷል፤ ያኔ መጠጋት የለም።